የኪስ ሪቮልቨር፦ ሲያንስ የሚከብድ መሣሪያ

አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ ሱቅ ገብቶ «ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ክፍል፣ በሲሊንደር፣ የሚይዝ ሽጉጥ) ያወጣለታል። አንዷ መዳፍ ውስጥ የምትደበቀው፣ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ ከተማ የሚገኘው ኖርዝ አሜሪካን አርምስ የሚሠራት ባለ 5 ጥይት ሚኒ ናት። ሌላዋ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ «ጄ ፍሬም» በሚለው መጠን የተሠራች፣ እሷም ባለ 5 ጥይት፣ ግን ለእጅ የምትበቃ ናት። ብዙ ሰው ሚኒዋን አንስቶ በክብደቷ ማነስ ይደነቅና እዚያው ይወስናል። እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሁለተኛዋን ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመያዝ ይቀልላል፣ ለመጠቀም ግን ይከብዳል። የበርሜሉ ርዝመት ሲቀንስ፣ እጀታው በሁለት ጣት ብቻ የሚያዝ ሲሆን፣ ማነጣጠሪያው የስንዴ ቅንጣት ሲያህል፣ ስህተቱ ሁሉ የሚታረመው በሰውየው ልምምድ ብቻ ነው።

በሚኒዋ ልጀምር፤ አደጋዋ ያለው ብዙ ሰው በማያየው ቦታ ነውና። በ.22 ሎንግ ራይፍል (ትንሽ የጥይት ዓይነት) የምትሠራው፣ በርሜሏ 1 ከ1/8 ኢንች (3 ሴንቲ ሜትር ገደማ) የሆነችው፣ ባዶዋን ወደ 130 ግራም ትመዝናለች። ረዘም ባለው በ.22 ማግነም ጥይት የምትሠራውና 1 ከ5/8 ኢንች በርሜል ያላት ደግሞ ወደ 175 ግራም ትሆናለች። ሁለቱም ምላጩን የሚከልል ቀለበት የላቸውም። የሚተኩሱትም መዶሻውን በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበው ሲያቀባብሉ ብቻ ነው። መዶሻው ካልተሳበ ምላጩን ቢነኩት ምንም አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ካልተቀባበለ አይተኩስም» ይልና ኪሱ ውስጥ ይጥላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ.22 ጥይት ተቀጣጣይ ቅመም ያለው በቀለሁ መሃል ሳይሆን በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ፣ በጠርዙ ውስጥ ነው። የሚኒዋ መዶሻ ወደ ፊት ሲያርፍ ጫፉ በቀጥታ በዚያ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሽጉጧ ከጠረጴዛ ላይ በመዶሻዋ ብትወድቅ፣ ወይም መኪና ውስጥ ጎንበስ ሲሉ ከኪስ ሾልካ አስፋልት ላይ ብትመታ፣ ጥይቱ ሊባርቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ ሲሊንደሩ ላይ፣ ጥይት በሚጎርስባቸው በሁለት ጉድጓዶች መካከል፣ ጠባብ ቦይ የፈለፈሉት። መዶሻው ማረፍ ያለበት በዚያ ቦይ ውስጥ ነው። እዚያ ሲያርፍ ከየትኛውም ጥይት ጋር አይገናኝም፣ ሲሊንደሩም ይቆለፋል፣ አምስቱንም ጥይት ይዞ መሄድ ይቻላል።

አጎራረሱን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ አዙሩ። መዶሻውን ሲሊንደሩ እስኪለቀቅ ድረስ ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። ከበርሜሉ ሥር ያለውን የሲሊንደር ዘንግ ጫፉን ተጭናችሁ ወደ ፊት አውጡትና ሲሊንደሩን በቀኝ በኩል ግፉት። ጥይት የሚጎርሰው ሲሊንደሩ ከሽጉጧ ተለይቶ እጃችሁ ላይ ሳለ ነው። አምስቱን አጉርሱ፣ የቀለሁ ጠርዝ ሁሉም ላይ እኩል መግባቱን በጣት ዳስሱ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ዘንጉ «ቀጭ» ብሎ መቆለፉን አረጋግጡ። ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዛችሁ፣ ሲሊንደሩ በነፃነት እስኪዞር ድረስ ብቻ ወደ ኋላ ሳቡት። በሌላው እጅ ሲሊንደሩን አዙራችሁ ቦዩን ከመዶሻው ፊት አምጡና ቀስ ብላችሁ አሳርፉት። ሲሊንደሩን በጣት ለማዞር ሞክሩ። የሚዞር ከሆነ ቦዩ ውስጥ አልገባም፤ ድገሙት። ይህን ሁሉ መጀመሪያ በባዶ ሽጉጥ 30 ወይም 40 ጊዜ ያልሠራ ሰው ጥይት ባያጎርስ ይሻላል።

ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ሽጉጧን አቀባብላችሁ ሳትተኩሱ መዶሻውን ብትመልሱት የሚያርፈው በጎረሰ ጥይት ላይ እንጂ በቦዩ ላይ አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መመለስ በኋላ ቦዩን ፈልጎ ማሳረፍ እንደገና ይጠበቅባችኋል። መመለሱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። መዶሻዋ ትንሽ ናት፤ ላብ ወይም ዘይት የነካው አውራ ጣት ካዳለጠው ትባርቃለች። በተለይ ክረምት ላይ ጓንት አድርጎ ይህን የሚሞክር ሰው አደጋ እየጠራ ነው።

አያያዟም የራሷ ነው። የሚበቃው ጣት ሁለት ብቻ ስለሆነ ትንሿ ጣት ከእጀታው ሥር ትታጠፋለች። ግራ እጅ ለድጋፍ ሲመጣ ጣቱ ከአፈሙዙ ፊት እንዳያልፍ ያለማቋረጥ ማሰብ ያስፈልጋል፤ 3 ሴንቲ ሜትር በርሜል ማለት ጠቋሚ ጣትን ለማጣት በጣም የቀረበ ርቀት ነው። ርግጫዋ (ስትተኮስ እጅን ወደ ኋላ የምትገፋው) ቀላል ቢሆንም እጀታዋ ጠባብ ስለሆነ በእያንዳንዱ ተኩስ መዳፍ ውስጥ ትዞራለች፣ አያያዝን እንደገና ማስተካከል ግድ ይላል። ይህን የሚያሻሽል ነገር ከተፈለገ ፋብሪካው የሚሸጠው ሰፋ ያለ የጎማ እጀታ አለ፤ በርሜሏ 2 ኢንች የሆነችው «ብላክ ዊዶው» የምትባለው ሞዴል ደግሞ ከነእጀታዋ ተለቅ ብላ ትመጣለች። ግን እዚያ ከደረስን ወደ ጄ ፍሬም መሻገር ይቀላል።

ስለ ጥይቷ አንድ ሁለት ነገር። .22 ማግነምን ሎንግ ራይፍል በሚጎርስ ሲሊንደር ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ አይገባም። በተቃራኒው ሎንግ ራይፍልን በማግነም ሲሊንደር ውስጥ ማጉረስ ይቻል ይመስላል፣ ግን ጉድጓዱ ሰፊ ስለሆነ ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ጋዝም ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱንም መተኮስ የፈለገ የማግነሟን ገዝቶ ሎንግ ራይፍል የሚጎርስ ተጨማሪ ሲሊንደር ማስጨመር ነው ያለበት። በጠርዙ የሚቀጣጠል ጥይት ከመሃሉ ከሚቀጣጠለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ቅመሙ በጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን እኩል ላይዳረስ ይችላል፤ መዶሻው ባዶው ቦታ ላይ ከመታ ዝም ይላል። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም በልምምድ ቦታ ላይ አፈሙዙን ዒላማው ላይ እንዳነጣጠራችሁ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ ዘግይቶ የሚቀጣጠል አለና። በችግር ጊዜ ግን ሪቮልቨር ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደገና ማቀባበል፣ ቀጣዩ ጥይት ይመጣል። እንደ እኔ ሚኒዋ ትክክለኛ ቦታዋ አንድ ነው፦ ሌላ ምንም መያዝ በማይቻልበት ልብስና ሁኔታ፣ በክንድ ርቀት ላለ አደጋ።

ወደ ጄ ፍሬሟ ስንመጣ ሥራው ይቀልላል። ለኪስ የምመርጠው መዶሻው በውስጥ የተሸፈነውን ነው፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 442 እና 642 የሚባሉት ናቸው። በርሜላቸው 1.875 ኢንች፣ ባዶ ክብደታቸው ከ400 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ የሚተኩሱትም .38 ስፔሻል ነው። ከውጭ የሚታይ መዶሻ ስለሌለ ከኪስ ሲወጡ ጨርቅ የሚይዝባቸው ነገር የለም። ማቀባበልም የለም፤ ረጅም ምላጭ ስቦ መተኮስ ብቻ ነው። ዘመናዊዎቹ በውስጣቸው መዶሻው ምላጩ ሳይሳብ ጥይቱን እንዳይነካ የሚከለክል ክፍል አላቸው፣ ስለዚህ አምስቱንም ጉድጓድ ሞልቶ መያዝ ይቻላል። ሩገር የተባለ ሌላ ፋብሪካ የሠራት ኤል ሲ አር በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣች ተፎካካሪ ናት፤ ክብደቷ ወደ 380 ግራም ነው፣ ምላጯ ለብዙ ሰው እጅ ይለሰልሳል።

ምላጭ ከገዢው እጅ ጋር መፈተን አለበት። የጄ ፍሬም ምላጭ አዲስ ሳለ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሽጉጧ ራሷ ግን ግማሽ ኪሎ አትሞላም። ስለዚህ ጣት ሲስብ ሽጉጧ አብራ ትንቀሳቀሳለች፣ ጥይቱም ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል (ለቀኝ እጅ ተኳሽ)። ሱቅ ውስጥ ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም አይታችሁ፣ ምላጩን አሥር ጊዜ ሳቡት። አሥረኛው ላይ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሩገሯን ሞክሩ። እሷም ከከበደች በጄ ፍሬም መጠን የተሠሩ ባለ 8 ጥይት .22 ሪቮልቨሮች አሉ። ምላጫቸው ብዙም አይቀልም፣ ርግጫቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው እናቶችና አባቶች ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ለ.38ቷ የምመርጠው ጥይት ርግጫው የሚቻለውን ነው። 148 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ)፣ አረሩ ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው «ዋድከተር» የሚባለው ዒላማ መተኮሻ ጥይት ለስላሳ ነው፣ በቀጥታ ይሄዳል። አጭር በርሜል የአረሩን ፍጥነት ስለሚቀንሰው አናቱ ክፍት የሆነው ጥይት ሳይከፈት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚከፈት ጥይት ከፈለጋችሁ ለአጭር በርሜል ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ፕላስ ፒ የሚባለውን (ግፊቱ ከተለመደው የሚበልጥ ጥይት) ከመጫናችሁ በፊት በርሜሉ ወይም መመሪያው ላይ ሽጉጧ እንደምትችለው ተጽፎ እዩ። ክብደታቸው በጣም ቀላል በሆኑ ሪቮልቨሮች ላይ ደግሞ ርግጫው ያልተተኮሱትን ጥይቶች አረር ከቀለሁ ወደ ፊት እየነቀለ ሲሊንደሩን የሚያስርበት ጊዜ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አራቱን ተኩሳችሁ አምስተኛውን አውጡና ካልተተኮሰ አዲስ ጥይት ጎን አቁሙት። ከረዘመ ያንን ጥይት ተዉት።

ሽጉጥ ያለ መያዣው፣ ማለትም ያለ ማኅደሩ፣ ኪስ ውስጥ አይገባም። ይህ ላይ ምንም ድርድር የለም። ማኅደሩ ምላጩን ከነቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ ሽጉጧን እጀታዋ ወደ ላይ አድርጎ ማቆም፣ ስትወጣም ኪስ ውስጥ ቀርቶ ሽጉጧን ብቻዋን መልቀቅ አለበት። ያ ኪስ የሽጉጡ ብቻ ነው፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መሐረብ፣ ሎሚ ከረሜላ ሳይቀር ሌላ ኪስ ይሂድ። የሱሪ የፊት ኪስ ነው የምመክረው። የኋላ ኪስ ሲቀመጡ ያማል፣ ሲቆሙም ቅርጹ ይታያል። የጃኬት ኪስ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ቤት ችግር አለው፦ ማኅበር ወይም ልደት ሲኬድ ካፖርት ሁሉ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይከመራል፣ ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ወደ ማኅደር መመለስም እንዲሁ ኪስ ውስጥ እንዳለ አይደረግም። ማኅደሩን አውጡት፣ ሽጉጧን እያያችሁ ክተቱበት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ኪስ ውስጥ አስገቡ። በአካል ላይ እንዳለ የሚከት ሰው ጭኑን ያቆስላል።

ልምምዱ ብዙ ጥይት አይጠይቅም። በወር 50 ጥይት፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ሜትር፣ የወረቀት ሳህን በሚያህል ዒላማ ላይ። አምስቱን ሁሉ ሳህኑ ላይ ማሳረፍ እስካልቻላችሁ ድረስ ፍጥነት አትጨምሩ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ምላጩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ይመለስ፤ ግማሽ ድረስ ለቅቆ እንደገና የሚስብ ሰው ወይ ሲሊንደሩን ያስራል ወይ ጥይት ይዘልላል። የግራ እጅ ጣቶች ከሲሊንደሩ ፊት አይሁኑ፤ በሲሊንደርና በበርሜል መካከል ባለው ክፍተት ቆዳ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ቤት ውስጥ በባዶ ለመለማመድ የ.38 የማስመሰያ ጥይት ተጠቀሙ፣ እውነተኛው ጥይት ደግሞ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የ.22 ሪቮልቨር ላይ ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ፤ ባዶ ሲመታ መዶሻው የጉድጓዱን ጠርዝ የሚጎዳበት አለ።

ቀለህ ሲወጣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሁን። የማስወጫ ዘንጓ አጭር ስለሆነ በቀስታ ከተገፋች ቀለሁን ሙሉ በሙሉ አታወጣም፣ ስለዚህ አንዴ በመዳፍ በኃይል ምቷት። አፈሙዙ ወደ ታች ከሆነ ያልተቃጠለ ባሩድ ኮከብ በሚመስለው የማስወጫው ጫፍ ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ አይዘጋም ወይም በግድ ይዞራል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለዚህ ይበቃል፤ ከኮከቡ ሥር ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ዘይት አትጨምሩበት። ሲሊንደርን በእጅ አንጓ ወርወር አድርጎ መዝጋት ሲሊንደሩን የያዘውን የሽጉጧን ክንድ ያጣምማል፤ በጣት ገፍታችሁ ዝጉ። ኪስ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ያጠራቅማል፤ በሳምንት አንዴ ጥይቱን አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የእጀታውን ቡሎኖች ፈትሹ። በየ6 ወሩ የያዛችሁትን ጥይት በልምምድ ተኩሳችሁ በአዲስ ተኩ፤ ላብ ይገባዋል።

ሕጉን ያላወቀ ሰው ይህ ሁሉ አይጠቅመውም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መያዝ እንኳ ወንጀል ነው። ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፤ ስህተቱ የሚያስከፍለው መኖሪያን ነው። ሽጉጥ ከነጋዴ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ይጠበቃል፣ በሚኖሩበት ስቴትም ነው የሚረከቡት። ሱቁ የሚያስሞላው ቅጽ 4473 ከሚጠይቃቸው አንዱ ሕገ ወጥ ዕፅ መጠቀምን ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በአንደኛ ደረጃ የተከለከለ ስለሆነ ጫት የሚቅም ሰው ይህን ጥያቄ «አይደለም» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ያስብበት። «ለወንድሜ ልግዛለት» ብሎ በራስ ስም ፈርሞ በሌላ ሰው ገንዘብ መግዛት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ቀላል ወንጀል ተብሎ ቢሆንም፣ ሽጉጥ መያዝ ተከልክሏል።

ከእኛ ሰው ብዙው በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ወጥመድ ወንዝ መሻገር ነው። የቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው በምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪት ፍርድ ቤት ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። ሜሪላንድም ዲሲም ያንን ፈቃድ አይቀበሉም። አሌክሳንድሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ኪሱ ይዞ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ለመግዛት ቢሻገር ወንጀለኛ ነው። ሜሪላንድ ለመያዝ ፈቃድ የ16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ዲሲ 16 ሰዓት የክፍልና 2 ሰዓት የተኩስ ሥልጠና፣ ከሽጉጡ ምዝገባ ጋር። ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ሽጉጥ ደብቆ የያዘ ሰው ቢራም ጠጅም መቅመስ አይችልም። ኡበርና ሊፍት ደግሞ ሹፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፣ የስቴቱ ፈቃድ ቢኖርም። የደለስና የሬገን አየር ማረፊያ ተርሚናል ውስጥም አይገባም። አገር ቤት ይዞ መሄድማ አይታሰብ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትን ይከለክላል።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ የመኪናው የውስጥ መብራት በርቶ ይሁን። ዲሲ ውስጥ ሽጉጥ መያዛችሁን መናገር ግዴታ ነው። ሌላም ቦታ ቢሆን መናገሩን እመክራለሁ፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ በፈቃዱ ይጀምር፦ «የመያዝ ፈቃድ አለኝ፣ አሁንም ይዣለሁ፣ ምን ላድርግ?» ሽጉጥ የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሚጮህ ሰው ነገሩን ያከብደዋል። የት እንዳለ በቃል ተናገሩ፣ በእጅ አታሳዩ። እንግሊዝኛችሁ የሚያመነታ ከሆነ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ አጥኗት።

ማታ ከኪስ የወጣች ሽጉጥ ከማኅደሯ ጋር በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት፣ ከአልጋ ወይም ከግድግዳ ጋር በቡሎን የታሰረ የብረት ሳጥን ውስጥ ትግባ። መሳቢያ፣ ቁም ሣጥን አናት፣ የመኪና ዳሽቦርድ አይሆንም። ቨርጂኒያ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚደርስበት ቦታ በግዴለሽነት መተው ያስጠይቃል፤ ሜሪላንድ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጋዋለች። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ሚኒዋ ከሆነች ሲሊንደሯን በጣት ሞክሩ፤ ከዞረች መዶሻው ከቦዩ ወጥቷል ማለት ነው።